የአደጋ መዝገብ በፍርድ ቤት፤ የሕዝብ መጓጓዣ ደኅንነት ሰነዶች ምስጢርነት በኖርዌይና በኢትዮጵያ

፩. የጥያቄው መነሻ

የሕዝብ መጓጓዣ የሚያካሂድ ድርጅት ሁሉ በየዕለቱ ስለ ራሱ ደኅንነት ይጽፋል። የፍሬን ፍተሻ ውጤት፣ የሐዲድ ጥገና መዝገብ፣ ነጂዎች ስለ ብልሽት የሚያቀርቡት ማመልከቻ፣ ለጥቂት ስለ ተረፉ አደጋዎች የሚጻፍ ዘገባ፣ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ለመርማሪ የተሰጠ ቃልና የባቡሩ መቅረጫ መሣሪያ የያዘው ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ ድርጅቱ ስለ ገዛ ድክመቱ ምን ያህል ያውቅ እንደነበረ የሚናገር ማኅደር ነው። ሰው ሞቶ ወይም ተጎድቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ይህ ማኅደር ይከፈት ወይስ ተዘግቶ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ከአንድ ወገን ብቻ ለሚመለከተው ነው። እናቱን ወይም ልጁን ያጣ ሰው አደጋው ለምን እንደደረሰ የማወቅ መብት አለው። በሌላ በኩል ግን የሐዲድ ሠራተኛው፣ ነጂውና ተቆጣጣሪው ዛሬ የጻፉት ቃል ነገ በራሳቸው ላይ ማስረጃ ሆኖ እንደሚመጣባቸው ካወቁ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ፤ ያልተጻፈ ጉድለት ደግሞ ሳይታረም ቀጣዩን ተሳፋሪ ይጠብቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያገራችን ብሂል ሥራ ላይ የሚውለው ቃጠሎው መቅረቡን ደፍሮ የሚናገር ሰው ሲገኝ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የኖርዌይ ሕግ ለጥያቄው የሰጠውን መልስ ከኦስሎና ካካባቢዋ ከተወሰዱ አደጋዎች ጋር አገናዝበን እናቀርባለን፤ ቀጥለንም ወደ አሜሪካ አንድ ውሳኔና ወደ ኢትዮጵያ ሕግ እንሻገራለን። የምንከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው፦ ምስጢርነት ለተናጋሪው ሰው ጋሻ ሲሆን የተገባ ነው፤ ድርጅቱ የሚያውቀውን ለመሸፈን መጋረጃ ሲሆን ግን ፍትሕን ያጎድላል። ይህን ልዩነት የማያደርግ ሕግ፣ ቢከፍትም ቢዘጋም፣ አንዱን ወገን ይበድላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፪. የኖርዌይ ሕግ የዘረጋው ሥርዓት

የኖርዌይ መነሻ ሰነድን መክፈት ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ሰነዶች ግልጽነት ሕግ በ1970 ወጣ፤ በ2004 ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 100 ተሻሽሎ ማንኛውም ሰው የመንግሥትንና የማዘጋጃ ቤትን ሰነዶች የማየት መብት እንዳለው ተደነገገ። ዛሬ የሚሠራበት የግልጽነት ሕግ በ2006 ወጥቶ ከ2009 መግቢያ ጀምሮ ይጸናል። መሥሪያ ቤቶች ገቢና ወጪ ደብዳቤዎቻቸውን በመዝገብ ማስፈር አለባቸው፤ ጠያቂው ማንነቱንም ሆነ ሰነዱን የፈለገበትን ምክንያት ሳይገልጽ መጠየቅ ይችላል። በሌላ ሕግ በምስጢር እንዲጠበቅ የታዘዘ ነገር ግን ከዚህ ውጭ ነው።

የአደጋ ምርመራ ከእነዚህ የተለዩ ነገሮች አንዱ ነው። በ2005 የወጣው የባቡር አደጋዎች ምርመራ ሕግ፣ የኦስሎ ትራምና የምድር ውስጥ ባቡር ጭምር፣ በሐዲድ ላይ የሚደርስ ከባድ አደጋ በነጻ መርማሪ አካል እንዲጣራ አዝዟል። አካሉ ዛሬ የመንግሥት የአደጋ ምርመራ ኮሚሽን ይባላል፤ አውሮፕላንን፣ ባቡርን፣ መንገድንና መርከብን፣ ከ2020 ወዲህም የመከላከያ ሠራዊትን አደጋዎች ይመረምራል። ሕጉ ሦስት ምሰሶዎች አሉት። አንደኛ፣ ኮሚሽኑ የአደጋውን ምክንያት ይመረምራል እንጂ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይወስንም። ሁለተኛ፣ የሚጠየቅ ሰው የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ አለበት። ሦስተኛ፣ በዚህ ግዴታ የተናገረው ቃል በኋላ በራሱ ላይ በሚመሠረት የወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምሰሶ ያለ አንዳቸው አይቆሙም። ሰውን ተናገር ብሎ አስገድዶ ቃሉን መልሶ በራሱ ላይ ማዋል፣ ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም የሚለውን የቆየ የፍርድ መርሕ ያፈርሳል። ስለዚህ ሕጉ ከተናጋሪው ጋር ውል የገባ ያህል ነው፤ እውነቱን ስጠን፣ እኛም ቃልህን አንመልስብህም ይላል። በዚህች ከተማ አውቶቡስና ትራም ከሚያሽከረክሩት መካከል ወገኖቻችንም አሉ። ለባለሥልጣን ቃል መስጠት ራስን ማጥፋት ከሆነበት ሥርዓት ለመጣ ሰው ይህ ውል በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። መርማሪውና ፖሊሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን፣ ለአንደኛው የተነገረው ወደ ሁለተኛው እንደማይፈስ ማወቅ አለበት።

ይህ ማለት ግን ፖሊስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በኦስሎ መካከል በስቱርጋታ መንገድ አንድ ትራም ከሐዲዱ ወጥቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ሲገባ፣ ነጂውን ጨምሮ አራት ሰዎች ተጎዱ። ፖሊስም የአደጋ ምርመራ ኮሚሽኑም ያንኑ ስፍራና ያንኑ ትራም መመርመር ጀመሩ። የሁለቱ ዓላማ ግን የተለያየ ነው፤ ፖሊስ ወንጀል መኖር አለመኖሩን ያጣራል፣ ኮሚሽኑ ደግሞ ይህ እንዳይደገም ምን ይደረግ ይላል። ሐዲዱ፣ መቅረጫውና የፍሬኑ ሁኔታ ለሁለቱም ክፍት ናቸው። የሚለየው በአንደኛው ክፍል ውስጥ በግዴታ የተሰጠው የሰው ቃል ነው።

ምስጢሩ በፍርድ ቤት ፊት ሲነሣም ሕጉ የመጨረሻውን ቃል ለመሥሪያ ቤቱ አልተወም። በ1981 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚደነግገው፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ምስክር ቃሉን የሚሰጠው በሚመለከተው ሚኒስቴር ፈቃድ ነው፤ ሚኒስቴሩ ቢከለክልም ፍርድ ቤቱ የምስጢሩን ጥቅምና የእውነቱን አስፈላጊነት መዝኖ ምስክሩ እንዲናገር ሊያዝ ይችላል። በ2005 የወጣው የፍትሐ ብሔር ክርክር ሕግም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ሚዛኑን የያዘው ዳኛው እንጂ ሰነዱን የደበቀው ወገን አለመሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን።

፫. ኦስታና ሹርሶያ፤ የተዘጋ ዝምታና የተከፈተ መዝገብ

ይህ ሥርዓት በባዶ ሜዳ አልበቀለም። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1975 በትሬተን ጣቢያ አጠገብ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው 27 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ባቡር በቀይ መብራት ሲያልፍ ራሱ የሚያቆመው መሣሪያ በዋና ዋና መስመሮች እየተተከለ ሄደ። በሮሮስ መስመር ግን ሃያ አምስት ዓመት ያህል ካለፈም በኋላ አልተተከለም ነበር። ጃንዋሪ 4 ቀን 2000 በዚሁ መስመር ላይ ኦስታ በተባለ ስፍራ ከትሮንድሄም የመጣውና ከሐማር የተነሣው ባቡር ተጋጩ፤ እሳትም ተነሣ። በሁለቱ ባቡሮች ከነበሩት 86 ሰዎች 19ኙ ሞቱ።

ሁለቱም ነጂዎች ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ሙታን ቃል አይሰጡም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሟች ነጂ ላይ መጣል የቀለለ መንገድ ነበር። መንግሥት የሾመው አጣሪ ኮሚሽን ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ሰፊ ዘገባ በዚያ መንገድ አልሄደም። በሩድስታድ ጣቢያ የነበረው የመውጫ መብራት የትኛውን ቀለም ያሳይ እንደነበረ በእርግጠኝነት መቁረጥ አልተቻለም፤ የመሣሪያው ስሕተትም ሊሆን እንደሚችል ኮሚሽኑ አልካደም። በሐማር የነበረው የእንቅስቃሴ ተቆጣጣሪ ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ እየተቀራረቡ መሆናቸውን ሲያይ ጊዜው እጅግ አልፎ ነበር፤ በማያው ላይ የሚታየው ማስጠንቀቂያ ድምፅ አልነበረውም፤ የነጂዎቹ የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥርም በሚገኝበት ስፍራ አልተጻፈም። ከሁሉም በላይ ኮሚሽኑ የሐዲዱ አስተዳደር ደኅንነትን የሚመራበት ሥርዓት የጎደለው መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ። ዐቃቤ ሕግም ግለሰብ ሠራተኛን ከመክሰስ ይልቅ በመሥሪያ ቤቱ ላይ የገንዘብ መቀጫ ጣለ።

ይህ ውጤት የተገኘው ከሁለት ነገሮች ጥምረት ነው። ሰዎቹ ስለተናገሩ የስልክ ቁጥሩና የማስጠንቀቂያው ጉዳይ ታወቀ። ዘገባው ለሕዝብ ስለታተመ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ድክመት በሟች ነጂ ስም አልተቀበረም። ሰዎቹ ዝም ቢሉ ኖሮ ዘገባው ባዶ በሆነ ነበር፤ ዘገባው ቢዘጋ ኖሮ የሰዎቹ ቃል ከንቱ በቀረ ነበር።

ማርች 24 ቀን 2010 በኦስሎ ከተማ ከአልናብሩ የዕቃ ጣቢያ 16 ባዶ ፉርጎዎች ያለ ሎኮሞቲቭ ተለቀቁ፤ ቁልቁለቱን ይዘው ወደ ወደቡ ሲወርዱ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ100 ኪሎሜትር በላይ ደረሰ፤ በሹርሶያም ሦስት ሰዎችን ገደሉ። በዚህ ጊዜ የ2005ቱ ሕግ ሥራ ላይ ነበር። ምርመራው በጣቢያው በሠራተኞች መካከል ከነበረው የመግባባት ስሕተት ተነሥቶ ወደ ጥልቁ ጥያቄ ዘለቀ፤ የተለቀቀ ፉርጎ ወደ ዋናው ሐዲድ እንዳይወጣ የሚከለክል አጥር ስለ ምን አልነበረም? እዚህም የወንጀል ኃላፊነቱ ያረፈው በሐዲዱ አስተዳደር ላይ ነው። አንድ ሰው የተሳሳተበት ደቂቃ አደጋውን አስጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱን ወደ እልቂት የለወጠው ግን ለዓመታት ሳይታረም የቆየው አደረጃጀት ነው። እንዲህ ያለው ረጅም ምክንያት የሚገኘው በቢሮ ማኅደር ውስጥ ነው።

፬. ካሣና እውነት

የኖርዌይ ሥርዓት የሚሠራበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል እንጂ መሠረታዊ ነው። በዚህ አገር በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው በ1961ዱ የመኪና ኃላፊነት ሕግ፣ በባቡር የተጎዳ ደግሞ በ1977ቱ የባቡር ኃላፊነት ሕግ መሠረት፣ የማንንም ቸልተኝነት ማስረዳት ሳያስፈልገው ካሣ ያገኛል። የድርጅቱ የደኅንነት ማኅደር ለተጎጂው የዳቦ ጉዳይ አይሆንበትም። ስለዚህ አንዳንዱ ቃል በምስጢር ቢቆይም መብቱ አይነካም።

የአሜሪካን ሁኔታ ስናይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በዚያ ተጎጂው በአብዛኛው የከሳሹን ቸልተኝነት ሳይሆን የተከሳሹን ቸልተኝነት በማስረጃ አስረግጦ ማሳየት አለበት። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ክፍላተ ግዛት አደገኛ መንገዶቻቸውን መዝግበው የጥገና ገንዘብ እንዲጠይቁ ሲያደርግ፣ ለዚህ ተብሎ የተሰበሰበው መረጃ በካሣ ክስ ማስረጃ እንዳይሆን ሕግ አወጣ። በዋሽንግተን ግዛት በፒርስ ካውንቲ አንዲት ሴት በመስቀለኛ መንገድ ላይ ሞተው ባለቤታቸው ክስ ሲመሠርቱ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 ሕጉን በአንድ ድምፅ አጸናው። ሆኖም አንድ ወሰን አበጀለት፦ ለፌዴራሉ ዓላማ የተጠናቀረው ሰነድ ይዘጋል፤ ፖሊስ ለራሱ ሥራ አስቀድሞ የሰበሰበውና በእጁ ያለው ሰነድ ግን በዚህ ጥበቃ አይሸፈንም። በዋሽንግተን ከተማ በ2009 ዘጠኝ ሰዎች የሞቱበት የምድር ባቡር ግጭት ከደረሰ በኋላም ኮንግረሱ ለፌዴራሉ መንግሥት በከተማ መጓጓዣ ደኅንነት ላይ ሥልጣን ሰጠ፤ ቀጥሎም በ2015 የከተማ መጓጓዣ የደኅንነት ዕቅድ ሰነዶች ከፍርድ ቤት ማስረጃነት ይጠበቁ ወይስ አይጠበቁ የሚለው እንዲጠና አዘዘ። በዚያ አገር ምስጢሩ በቀጥታ የተጎጂውን ኪስ ይነካልና ክርክሩ የከረረ መሆኑ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ካሣ ከተረጋገጠ ነገሩ አለቀ ብለን ብንደመድም እንሳሳታለን። ማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሲወድቅ ከሠላሳ በላይ አገሮች የመጡ 157 ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም አንዷ የኖርዌይ ዜጋ ነበሩ። በቺካጎ በተመሠረተው የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ቦይንግ በኖቬምበር 2021 ለደረሰው ጉዳት ካሣ የመክፈል ኃላፊነቱን አመነ፤ በምላሹም ከሳሾቹ የቅጣት ካሣ መጠየቃቸውን ተዉ። በዚህም የክርክሩ ጭብጥ ወደ ካሣው መጠን ጠበበ፤ ማን ምን መቼ ያውቅ ነበር የሚለው በችሎት የሚመረመርበት በር ጠበበ። ገንዘቡ ተረጋግጦ እውነቱ ወደ ጓዳ የገባ የመሰላቸው ቤተሰቦች ቅሬታቸውን በአደባባይ አሰምተዋል።

እውነቱን ለአደባባይ ያበቃው በአብዛኛው የምርመራው መዝገብ ነው። የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጀመሪያውን ዘገባ በአፕሪል 2019፣ የመጨረሻውን በዲሴምበር 2022 ይፋ አደረገ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በመጨረሻው ዘገባ ባልተስማሙበት ነጥብ የየራሳቸውን አስተያየት አሳተሙ። አንባቢ ሦስቱንም አስተያይቶ የመፍረድ ዕድል አገኘ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ዐሥራ ሦስተኛው አባሪ የአብራሪዎችን ድምፅና ለመርማሪ የተሰጠን ቃል ይጠብቃል፤ ጥበቃው የሚነሣው ሥልጣን ያለው አካል የመክፈቱ ጥቅም ወደፊት በሚደረጉ ምርመራዎች ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል ብሎ ሲወስን ነው። የአደጋው ምክንያት ግን ይታተማል። በአየር ላይ የተገኘው ይህ ሚዛን በምድር ላይ ለሚሄደው አውቶቡስና ባቡር ዓለም አቀፍ ውል ሆኖ አልተጻፈም፤ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ሊያበጀው ይገባል።

፭. ያገራችን ሕግና ያገራችን ልማድ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። በእግሩ ሲሄድ አውቶቡስ የገጨው ሰው፣ በዚህ ረገድ፣ ከኦስሎው እግረኛ ብዙም አይርቅም።

ተሳፋሪው ግን ሌላ ነው። ተሳፋሪ ከአጓጓዡ ጋር የውል ግንኙነት ስላለው የሚዳኘው በዚያው ዓመት በወጣው የንግድ ሕግ ነው፤ ሕጉም የአጓጓዡን ኃላፊነት ሲወጣ በ40,000 ብር ወሰነው። ይህ ወሰን የሚፈርሰው አጓጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ የፈጸመው ወይም የተወው ነገር መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ «እያወቀ» የሚለውን ቃል በምን እናስረዳለን? ፍሬኑ መበላሸቱን ነጂው ያመለከተበት ወረቀት፣ የሐዲዱን መበላት የጠቆመው የፍተሻ መዝገብ፣ ለአለቃ ደርሶ ምላሽ ያላገኘው ማስጠንቀቂያ ካልሆነ ሌላ በምን? በኖርዌይ የደኅንነት ማኅደር ለተጎጂው እውነትን የማወቂያ መንገድ ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ ለተሳፋሪው የመብቱም ቁልፍ ነው። ስለዚህ የውጭውን የምስጢርነት ድንጋጌ እንዳለ ገልብጦ ወደ አገራችን መውሰድ፣ ጋሻውን ለድርጅቱ፣ ሸክሙን ለተጎጂው መስጠት ይሆናል።

የወንጀሉም ወገን ያሳስባል። በአገራችን ከባድ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ተጠያቂ ነጂው ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይቀጣል። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር በጠማማ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሲያልቁ የተሰጠው ምክንያት በመጠምዘዣው ላይ ፍጥነት አለመቀነሱ ነበር። ፍጥነቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የኦስታና የሹርሶያ ምርመራዎች እንዳስተማሩን፣ ጥያቄው በነጂው እጅ ላይ ሲቆም የመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሳይንኳኳ ይቀራል። በ2015 ሥራ የጀመረው፣ 34 ኪሎሜትር ያህል የሚዘረጋው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በየመንገዱ የሚጎርፈው አውቶቡስ ይህን ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጥያቄ አድርገውታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ ሕዝብን የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ያውቃል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ የሚጠየቅበትን መንገድ ዘርግቶ አፈጻጸሙን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አደራ ሰጥቷል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። በላዩ የሚታነጸው ግን የተናጋሪውን ቃል ከድርጅቱ መዝገብ የሚለይ ድንጋጌ ነው።

ይህ ልዩነት ከውጭ የመጣ እንግዳ ሐሳብ እንዳይመስል አንድ ያገር ልማድ እናስታውስ። በአውጫጭኝ ሸንጎ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ያየውን በምስጢር የሚናገረው ሰው «ወፍ» ይባላል። የወፉ ስም ይሸሸጋል፤ የተናገረው ነገር ግን በሸንጎው መሐል ወጥቶ ይመረመራል። አውጫጭኝ ጉድለት ነበረበት፤ እውነቱ እስኪወጣ ንጹሑም ከሥራው ተይዞ ይውል ነበርና። ነገር ግን ስምን መሸሸግና ነገርን መሸሸግ ሁለት እንደሆኑ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኛቸው ነጥቦች አራት ናቸው። ለአደጋ መርማሪ በግዴታ የተሰጠ ቃል በተናጋሪው ላይ ማስረጃ እንዳይሆን በሕግ ይታጠር። መሣሪያ የመዘገበው፣ በፍተሻ የተገኘውና ለአለቃ የደረሰው ማስጠንቀቂያ፣ የጻፈው ሰው ስም አስፈላጊ ሲሆን ተሸሽጎም ቢሆን፣ ለፍርድ ቤት ይቅረብ። ምስጢር ነው የተባለን ሰነድ ዳኛው ራሱ አይቶ ይመዝን። የምርመራው ዘገባ ለሕዝብ ይታተም። ለተሳፋሪውም የኃላፊነቱ ወሰን እስካልተነሣ ድረስ፣ እነዚህ አራቱ በአንድነት ካልተከበሩ ምስጢርነቱን የምንደግፍበት ምክንያት አይታየንም።

ብዙዎቻችን የወጣነው መዝገብ ከሕዝብ ተሸሽጎ ሰው ግን ለመዝገቡ ከተሸነፈበት አገር ነው። ስለዚህ ምስጢር የሚለውን ቃል ስንሰማ መጠርጠራችን፣ ግልጽነት የሚለውንም ስንሰማ ሳንመረምር መቀበላችን አያስገርምም። የትራም ነጂው ያየውን ሳይፈራ የሚናገርበት፣ የሟች ልጅም መሥሪያ ቤቱ ያውቀው የነበረውን ሳይከለከል የሚያነብበት ሥርዓት ግን ሊኖር የሚችል ነገር ነው። ሕግ አዋቂዎቻችን ለነገይቱ ኢትዮጵያ የመጓጓዣ ሕግ ሲያረቁ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ጊዜ በዓይነ ኅሊናቸው እንዲያቆሙ እንጠይቃለን።